የባህል ቀን ይበቃል ወይ? ለአንድ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዜግነት አስተምራለሁ፣ ክበብም አስተባብራለሁ። 9ኛ ክፍል ውስጥ እናቷ ሸክላ የምትሠራ ልጅ አለች። ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት አጠገቧ ያሉት ይነሳሉ። መልኩ ጠቆር ያለውን ልጅ ‹ሻንቅላ› ይሉታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ከአዊ የመጣውን ደግሞ በአማርኛው ይቀልዱበታል። ርዕሰ መምህራችን ‹የባህል ቀን እናዘጋጅና ይማሩ› ብለዋል። ይበቃል? ካልበቃስ ምን ላድርግ?»

መምህር፣ አይበቃም።

ቀኑ ይቅር ማለቴ አይደለም። ግን የባህል ቀን የሚጠቅመው የማይተዋወቁ ሰዎችን ለማስተዋወቅ ነው። የእርስዎ ተማሪዎች ችግር አለመተዋወቅ አይደለም። ያቺን ልጅ በደንብ ያውቋታል። እናቷንም ያውቃሉ። የአንዳንዶቹ እናት ቅዳሜ ገበያ ወጥታ፣ ምጣዱን በጣቷ አንኳኩታ፣ ስንጥቅ እንደሌለው በድምፁ ለይታ፣ ዋጋ ተከራክራ ከእናቷ ገዝታለች። በዚያ ምጣድ የተጋገረው እንጀራ አሁን የእነሱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው። የምጣድ ሠሪዋ ልጅ የራሷን እንጀራ ስትዘረጋ ግን ተነስተው ይሄዳሉ። ይህን የትኛውም እስክስታ አያስተካክለውም።

ሌላም ምሳሌ ልስጥዎ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚታየው የፈረስ ጉግስ ልብ ያሞቃል። ከጎጃም ዳር እስከ ዳር ሰው ሄዶ ያጨበጭባል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሰኞ ክፍል ሲገባ ደግሞ ያው አጨብጫቢ የአዊውን ልጅ አነጋገር እየኮረጀ ያሾፍበታል። ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ ይሄዳል? በደንብ ይሄዳል። ማየትና ማክበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባሕር ዳር ላይም እንዲሁ ነው። ጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦዎች የደንገል ታንኳ በየፖስተሩ አለ፤ ታንኳውን የሚሠሩት ሰዎች ግን ከስንት ሰው ጋር ማዕድ ቆርሰው ያውቃሉ?

ስለዚህ የእኔ ምላሽ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል። ልጆቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ሳይሆን አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ ላይ፣ እኩል ሆነው፣ ደጋግመው እንዲገናኙ ማድረግ። ይህንንም ትልልቆቹ በግልጽ ሲደግፉት ልጆቹ ማየት አለባቸው።

በመጀመሪያ የነገሩኝ ሦስት ነገሮች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ እንያዝ። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጉዳይ የሙያ ንቀትና የቡዳ እምነት ድርና ማግ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ሲመጣ «ተበላ» ይባላል። የሚጠረጠረው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ሰው ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩም ሸማኔውም በስም ተጠርተውበታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬት ላልነበራቸው ለእነዚህ ባለሙያዎች ጭምር የማረስ መብት ሰጠ። ሕጉ ከመቶ ዓመት በላይ ሲናገር ቆይቷል። ማዕዱ ግን ገና ነው።

የጠቆረው ልጅ ጉዳይ ሌላ ሥር አለው። ከጎጃም ደጋ ቁልቁል ሲወረድ ያለው የመተከል ቆላ፣ የጉሙዞች አገር፣ ለብዙ ዘመን ባሪያ የሚፈነገልበት ቦታ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት የተማሪዎችዎ ቅድመ አያቶች በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው ማለት ነው። ስድቡ ከዚያ የመጣ ነው። ልጆቹ ይህን ታሪክ አያውቁትም፤ ቃሉን ግን ወርሰውታል። ይህኛው ዘረኝነት ነው፤ በሌላ ስም መጥራት አያስፈልግም።

የአዊው ልጅ ጉዳይ ከሁለቱ ቀለል ይላል። በአዊ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን የሚማሩት በአውንጊ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። እኛ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንናገር እንዴት እንደምንፈራ ለተማሪዎችዎ ማስታወስ አይከብድም። በነገራችን ላይ ያ ልጅ ሁለት የአገር ውስጥ ቋንቋ ይችላል። የሚስቁበት አንድ ነው የሚችሉት።

እኛ ጎጃሞች ይህን ዕዳ ከሌላኛው ወገንም እናውቀዋለን። ከጎጃም ነኝ ያለ ሰው ሌላ አገር ሄዶ «ኧረ ቡዳ እንዳትሆን!» ያልተባለ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። አዲስ አበባ ሎተሪ እያዞረ የሚማር ወንድም ያለው ተማሪ ክፍልዎ ውስጥ አይጠፋም። በዓል ሲመጣ ምን ምን እንደሚባል ይነግረዋል። ይህን ለመግቢያ ይጠቀሙበት። «እናንተን ሰው በማታውቁት ነገር ፈርጇችሁ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁና ያስወሯቸው። ይስቃሉ፣ ይናደዳሉ፣ አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ያወራል። ከዚያ «ሸክላ ሠሪስ?» ብለው ወዲያው አያጥምዷቸው። ልጆች ወጥመድ ሲሸታቸው ይዘጋሉ። ለዚያ ቀን ይተዉት። በራሱ የሚገናኝ ልጅ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሰዎች መገናኘታቸው ብቻ ጥላቻን እንደማይቀንስ ጽፎ ነበር። አራት ነገር ሲሟላ ነው የሚሠራው አለ። በግንኙነቱ ውስጥ እኩል መሆን፣ የጋራ ግብ መኖር፣ መፎካከር ሳይሆን መተጋገዝ፣ እና የሚከበሩ ሰዎች ድጋፍ። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንፈል ማለት ይኸው ነው። ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የአንተ፤ ጉልበትህ ከጉልበቴ አይበልጥም። እንግዲህ ጥያቄው ወንፈል ላይ የሚጠራው ማን ነው የሚለው ነው። መሬት ያልነበረው ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ክብ ውጪ ነበር።

ከኦልፖርት በኋላ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፔቲግሩና ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ500 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ግንኙነት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አራቱ ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዜና ነው፤ ምክንያቱም አራቱንም ክፍል ውስጥ በእጅዎ ማዘጋጀት ይችላሉ።

እንዴት? ትምህርት ቤታችን አንድ ለአምስት የሚባል ነገር ያውቃል። ችግሩ እንዴት እንደምንሠራበት ነው። ጎበዙ መሪ ይሆናል፣ አራቱ ይገለብጣሉ፣ ደካማው ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኩልነት የለም። ኤሊዮት አሮንሰን የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ የገጠመው ነገር ይህን ይመስላል። ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን ተወላጅ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ክፍል ተደባልቀው ነበር። ትምህርቱ እጅ በማውጣት ፉክክር ላይ የቆመ ስለነበር መደባለቁ ጠቡን አባባሰው። እሱ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ትምህርቱን ቆራርጦ ለየልጁ አከፋፈለ። ሙሉውን ለማወቅ ሁሉም ሁሉንም መስማት ግድ ሆነ።

በእርስዎ ክፍል እንዲህ ላሳይዎት። ርዕሱ ዓባይ ይሁን። ከዓባይ የተሻለ ርዕስ ለጎጃም ልጅ የለም። 60 ተማሪ ካለዎት 12 ቡድን ይሆናል፤ እያንዳንዱ አምስት ልጅ። ትምህርቱን አምስት ቦታ ይክፈሉት። አንደኛው ሰከላ ላይ ያለው ግሽ ዓባይ፣ ምንጩ። ሁለተኛው ጣናና በላዩ የሚኖሩ ሰዎች። ሦስተኛው ጢስ ዓባይ። አራተኛው ከደጀን የሚወረደው በረሃና ድልድዮቹ። አምስተኛው ጉባ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት ግድብ ያለበት የመተከል ወረዳ። ለእያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል። ፎቶ ኮፒ ከሌለ በእጅ ተጽፎ ይገለበጥ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከየቡድኑ ተመሳሳይ ጽሑፍ የደረሳቸው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ለምሳሌ የጉባዎቹ 12 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ይሥሩ፤ 12 ይበዛል። ያነባሉ፣ ያልገባቸውን ይጠያየቃሉ፣ ለጓደኞቻቸው እንዴት እንደሚያስረዱ ይለማመዳሉ። ይህ ልምምድ ወሳኝ ነው። ደከም ያለው ልጅ ወደ ቡድኑ ሲመለስ ባዶ እጁን አይሆንም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ቡድናቸው ይመለሱና እያንዳንዱ የራሱን አራት አራት ደቂቃ ያስተምራል። ከዚያ አጭር ፈተና፤ ከአምስቱም ክፍል፣ ለየብቻ። ማርኩ የየራስ ነው። የቡድን ማርክ ከሰጡ ደካማውን መጥላት ይጀምራሉ።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። የጉባውን ጽሑፍ ለጠቆረው ልጅ እንዳይሰጡት። ወይጦዎች ያሉበትን የጣናውን ጽሑፍም ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ አይስጡ። ልጅን የራሱ ፍረጃ አስተማሪ ማድረግ ጭካኔ ነው፤ ብዙ መምህር በቅንነት የሚያደርገው ጭካኔ። ለእሷ የግድቡን ጽሑፍ ይስጧት። ፈተናው ላይ ብዙ ጥያቄ ከእሱ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ያን ጊዜ ጀርባ የሚሰጧት ልጆች ወንበር ጎትተው ይቀርባሉ። ፍቅር ይዟቸው አይደለም፤ ማርክ ፈልገው ነው። ይሁን። መጀመሪያው ይህ ነው።

አንዴ ሠርተው እንዳይተዉት። በየሁለት ሳምንቱ፣ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ፣ ቡድኑን ሳይቀይሩ። የሒሳብና የባዮሎጂ መምህራንም ቢሞክሩት ይበልጥ ይይዛል። ቡድኖቹን ራስዎ ያደባልቁ። «ከምትፈልጉት ጋር ሁኑ» ካሉ ያቺ ልጅ ብቻዋን ትቀራለች።

ወደ ስድቡ እንምጣ። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ይመርጣል። ወይ አልሰማሁም ይላል፣ ወይ ተሳዳቢውን ያንበረክካል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ዝም ካሉ ልጆቹ «ቲቸርም ይስማማበታል» ብለው ይይዙታል። ካንበረከኩት ደግሞ ሒሳቡን ወደ ቤት መንገድ ላይ የሚከፍለው ተሰዳቢው ነው። የሚሻለው አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምላሽ ነው። ድምፅ ሳይጨምሩ፣ ትምህርቱን ለአፍታ አቁመው «እዚህ ክፍል ሰው በስሙ ነው የሚጠራው» ይበሉና ይቀጥሉ። ስብከት የለም። ነገም ያው፣ ሳምንትም ያው። ከክፍል በኋላ ተሳዳቢውን ለብቻው ያናግሩት። «ለምን አልከው?» ብለው አይጠይቁት፤ «ቀልድ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። «ከተጠራ በኋላ ፊቱ ላይ ምን አየህ?» ይበሉት። ላያስተውል ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ያያል።

እሱም አብሮ ይስቃል ብለውኛል። ይስቃል እንጂ ምን ያድርግ? ካልሳቀ «አኩራፊ» ይባላል፣ ከተጣላ ይመታል። ሳቁ ፈቃድ አይደለም። ለብቻው ሲያገኙት ግን «ለምን ትስቃለህ?» እንዳይሉት፤ ጥፋቱን ወደ እሱ ማዞር ይሆናል። «ሲሉህ እሰማለሁ። እኔ አልወደውም፤ ማስቆም የእኔ ሥራ ነው፣ ያንተ አይደለም» ይበሉት። ይህን የሚለው ትልቅ ሰው ያገኘ ልጅ ብዙ ነገር ይቀለዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ መምህር «እንደ አሜሪካኗ መምህርት ልሞክር» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጄን ኤሊዮት እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት፣ አዮዋ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ልጆቿን በዓይናቸው ቀለም ለይታ አንዱን ወገን የበላይ፣ አንዱን የበታች ያደረገችበት ትምህርት ነው። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። እባክዎ አይሞክሩት። ልጅን ሆን ብሎ ማዋረድ ነው፤ በኋላም ሁሉን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ ቀድሞውኑ በየቀኑ የሚዋረዱ ልጆች አሉ። አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም።

ምሳው ከሁሉም ከባዱ ነው። ማዕድ ማስገደድ አይቻልም። «አብራችሁ ብሉ» ብለው ቢያዝዙ ልጅቷን ያሸማቅቋታል፤ ቤት ሲሰማም ወላጅ ይመጣብዎታል። እርስዎ ግን መብላት ይችላሉ። የክበቡ ስብሰባ ምሳ ሰዓት ላይ ይሁንና ሁሉም ያመጣውን አንድ ላይ ያቅርብ። እርስዎ ይጀምሩ። ከእሷም ከሌላውም ምሳ ዕቃ ጎረስ ያድርጉ፣ እንደ ማንኛውም ቀን፣ ሳያስታውቁ። ሌላ አንድ ሁለት መምህር ቢቀላቀል የበለጠ ነው። የሚከበሩ ሰዎች ድጋፍ ያልኩት ይህንን ነው። በፖስተር የማይመጣ ድጋፍ ነው። ቀድመው ግን ለእሷ ለብቻዋ ይንገሯት፤ ካልፈለገች ይቅር። የእሷ ሕይወት የእርስዎ ማስተማሪያ አይደለም።

ቡዳን በተመለከተ «ኋላ ቀርነት ነው» ብለው አይጀምሩ። ያን ካሉ የልጆቹን አያት ሰደቡ ማለት ነው፤ ልጁ ከአያቱ ጎን ይቆማል። ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር ይመካከሩ። ልጆቹ «ተበላ» ሲባል የሰሙትን ምልክት ይዘርዝሩ፤ ሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ራስ መሳት። ከዚያ የወባ፣ የተስቦ፣ የሚጥል በሽታ ምልክቶች ከጎኑ ይጻፉ። መደምደሚያውን እርስዎ አይናገሩ፤ ሰሌዳው ላይ ይታያል። ደግሞ በጎጃም የቄሱን ያህል የሚሰማ የለም። አንድ የንስሐ አባት ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ «ሰውን ቡዳ ማለት ኃጢአት ነው» ቢሉ የእኔን አሥር ሥልጠና ያስከነዳል። ሙስሊም ተማሪዎች ካሉዎት ሼኹም እንዲሁ። ሄደው ያነጋግሯቸው። እምቢ የሚሉ እንዳሉ ሁሉ «እኔም ሲያሳስበኝ ነበር» የሚሉም አሉ።

ወጣት ማዕከሉን አልጠቀሱም፤ እኔ ግን ላንሳው። የትምህርት ቤት ሥራ በር ላይ እንዳይቀር ከፈለጉ ቅዳሜን ይያዙ። የብዙ ከተሞቻችን ወጣት ማዕከል የሚታወቀው በፑልና በጆተኒ ነው። ልጆች ይመጣሉ፣ ከመጡበት ቡድን ጋር ይጫወታሉ፣ ይሄዳሉ። ሴቶች ጭራሽ አይመጡም። ኳስ ውድድር ሲዘጋጅም ቀበሌ ከቀበሌ፣ ሰፈር ከሰፈር ነው። ይህ ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ 22 ታዳጊ ወንዶችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ካምፕ ውስጥ አወዳድሯቸው ነበር። በቀናት ውስጥ መሰዳደብ፣ ባንዲራ ማቃጠል፣ መኝታ ቤት መውረር መጣ። አብሮ መብላትና ፊልም ማየት አላስታረቃቸውም። እንዲያውም ገበታ ላይ ምግብ ተወራወሩ። ያስታረቃቸው የተቋረጠውን ውኃ አብረው መፈለጋቸው፣ የቆመውን መኪና አብረው በገመድ መጎተታቸው ነው።

ስለዚህ ኳሱ ይኑር፣ ቡድኑ ግን የተደባለቀ ይሁን። ዕጣ አውጥተው ይመድቡ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። ሳልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው ጥናት፣ ኢራቅ ውስጥ አይሲስ ያፈናቀላቸውን ክርስቲያን ወጣቶች ከሙስሊም ተጫዋቾች ጋር በአንድ ቡድን አጫወተች። ከውድድሩ ወቅት በኋላም ከሙስሊም ተጫዋቾች ጋር አብረው መለማመዳቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን ለማያውቋቸው ሙስሊሞች የነበራቸው አቀራረብ ብዙም አልተለወጠም። ናይጄሪያ ካዱና ላይ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም ወጣቶች ለ16 ሳምንት ኮምፒውተር አብረው ተማሩ። የውስጥ ጥላቻቸው ያን ያህል አልቀነሰም፤ ሌላውን ወገን የመበደል ዝንባሌያቸው ግን ከራሳቸው ወገን ጋር ብቻ ከተማሩት ያነሰ ነበር። እኔ በዚህ ተስፋ አልቆርጥም። ልብ እስኪቀየር ድረስ እጅ ቢሰበሰብ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለርዕሰ መምህሩ «በአንድ የኳስ ዋንጫ ዘረኝነትን አጠፋን» የሚል ሪፖርት እንዳያስጽፉዎት።

ከኳስ የሚሻለው ሥራ ነው። የትምህርት ቤቱን አጥር መጠገን፣ ምንጭ ማጎልበት፣ የችግኝ ጣቢያ፣ ለሚኒ ሚዲያ ፕሮግራም ማዘጋጀት። በተለይ ሚኒ ሚዲያውን አይርሱት። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ማይክራፎኑን የሚይዘው ልጅ ክብር አለው። የአዊው ልጅ ሰኞ ሰኞ ዜናውን በአማርኛም በአውንጊም ያንብብ። ትምህርት ቤቱ አነጋገሩን ያከብራል ማለት ነው፤ ያለ ምንም ስብከት።

የባህል ቀኑንስ? ይደረግ። ኅዳር 29፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ቀን፣ መቼም በየትምህርት ቤቱ ልብስ ተውሰው መጨፈር ልማድ ሆኗል። ግን ብሔር በብሔር አያሰልፏቸው። «ሙያ» ያድርጉት። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጋራዥ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይቅረቡ። የልጅቷ እናት እንድትመጣ ከታሰበ መጀመሪያ ልጅቷ፣ ከዚያ እናቷ ይጠየቁ። ከመጣች እንደ ጌጥ አትቁም። የኬሚስትሪ መምህሩ አፈር ሲተኮስ ምን እንደሚሆን ያስረዳ፣ እሷ ደግሞ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ በምን እንደምታውቅ ትናገር። የቀን ገቢዋን ጥላ ስለምትመጣ አበል ይከፈላት። ለእንግዳ ተናጋሪ የሚከፈል ከሆነ ለእሷ የማይከፈልበት ምክንያት የለም።

ያልጠየቁኝ ነገር ግን ክፍልዎ ውስጥ ያለ አንድ ጉዳይ አለ። ከመተከል ወይም ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ፣ ዘመድ የተገደለባቸው ልጆች። እነዚህ ልጆች ላይ «ሁላችንም አንድ ነን» የሚለው መዝሙር እንደ ስድብ ይሰማል። ኀዘናቸውን መጀመሪያ ይስሙ። «አትጥላ» አይበሉ። የጠላው ሰው አለ፤ እሱን መጥላቱም ይገባናል። ሥራው ያን ሰው ከቋንቋው ተናጋሪ ሁሉ መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ ወራት ይወስዳል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በአቅራቢያ ካለ ያገናኟቸው። ስልክ ላይ የሚዞረው ቪዲዮ ደግሞ ቁስሉን በየማታው ይነካዋል። ከክበብዎ ልጆች ጋር አንድ ልማድ ያውጡ፦ ሬሳ ያለበት፣ «እነ እንትና እንዲህ አደረጉ» የሚል ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲመጣ ሦስት ነገር ሳይጠይቁ አለማጋራት። መቼ ነው? የት ነው? መጀመሪያ የለጠፈው ማን ነው? አብዛኛው በሦስቱ ይወድቃል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ እንዳለ ማወቃቸው ጥሩ ነው፤ ግን በ15 ዓመት ልጅ ላይ ሕግ መምዘዝ የመጨረሻው መንገድ ይሁን።

ትምህርት በተቆራረጠባቸው ቦታዎች ያላችሁ መምህራንም ይህን ታነቡ ይሆናል። ክፍል ከሌለ አምስት ልጅ ይበቃል። አንድ ግቢ፣ አንድ መጽሐፍ ተቆራርጦ ለአምስት።

በመጨረሻ፣ ለውጥ መምጣቱን በምን ያውቃሉ? በመጠይቅ አይደለም። ልጆች ምን ማለት እንዳለባቸው ያውቃሉና «ሁሉም እኩል ነው» ብለው ይጽፉልዎታል። አሁን፣ ሥራውን ሳይጀምሩ፣ ለሁሉም ቁራጭ ወረቀት ይስጡ። «ለሚቀጥለው ሥራ ከማን ጋር ብትመደቡ ደስ ይላችኋል? ሦስት ስም።» ከማን ጋር እንደማይፈልጉ በጭራሽ አይጠይቁ። ወረቀቱን ማንም አይይ። ማን ስንት ጊዜ እንደተጠራ ይቁጠሩና ያስቀምጡት። ሰኔ ላይ ያንኑ ጥያቄ ይድገሙት። የሦስቱ ልጆች ስም ከነበረበት ከፍ ካለ፣ በአንድ ሰው ወረቀት ላይ እንኳ ቢሆን፣ መንገድዎን አይቀይሩ። ባለበት ከቆመ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈትሹት ቡድኖቹን ነው፤ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ማንስ ሲያስተምር ሌሎቹ ጽሑፉን በጎን እያነበቡ አለፉት። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው እዚያ ነው።